ሁለት ያረጁ ሃይሉክሶች በአንድ የወጪ ደብተር

ሥራዬ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል የመስኖ ውኃ ፓምፕ መትከልና መጠገን ነው፤ ስለዚህ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ቧንቧና መፍቻ ጭኜ መንገድ ላይ ነኝ። ለዚህ ሥራ የማሰማራቸው ሁለት ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክሶች አሉኝ። የመጀመሪያው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2000 ስሪት ሲሆን 5ኤል የሚባለውን ባለ 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር ይዟል፤ ሁለተኛው የ2008 ስሪት ቪጎ ሲሆን ሞተሩ 1ኬዲ የሚባለው ባለ 3.0 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ነው። አሮጌው ዛሬ 561,000 ኪሎሜትር ላይ ደርሷል። የቪጎው ቆጣሪ 371,000 ይላል፤ ይህን ቁጥር ለምን እንደማላምነው በኋላ እመለስበታለሁ።

ቪጎውን የገዛሁት በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ የተማሪ ደብተር በግራ ገጽ የአሮጌውን፣ በቀኝ ገጽ የቪጎውን የጥገና ወጪ ስመዘግብ ቆይቻለሁ። ቀኑ፣ ኪሎሜትሩ፣ የተለወጠው ዕቃ፣ የዕቃው ዋጋ፣ የእጅ ዋጋውና መኪናው ጋራዥ የቆመበት ቀን ብዛት ይጻፋል። ነዳጅ፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም በየ5,000 ኪሎሜትሩ የሚቀየረው ዘይትና ፊልትሮ አልተካተቱም፤ እነዚህን ማንኛውም መኪና ይጠይቃልና። እስከ 2016 ዓ.ም. ጳጉሜን ድረስ ባሉት አራት ዓመታት አሮጌው 74,000 ኪሎሜትር ሄዶ 251,000 ብር ሲያስወጣኝ፣ ቪጎው 88,000 ኪሎሜትር ሄዶ 448,000 ብር አስወጥቶኛል። ለኪሎሜትር ሲካፈል አሮጌው 3 ብር ከ40 ሳንቲም፣ ቪጎው 5 ብር ከ10 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። አሮጌው 22 ጊዜ ጋራዥ ገብቶ በድምሩ 29 ቀን ቆመ፤ ቪጎው 5 ጊዜ ብቻ ገብቶ 47 ቀን ቆመ። አሮጌው በየሁለት ወሩ እጁን ዘርግቶ ይለምናል፤ ቪጎው ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ይቆይና በአንድ ቀን ይዘርፋል።

ብዙ ኪሎሜትር የሄደ ፒካፕ የሚገዛ ሰው ዛሬ ከበፊቱ በዝቷል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ ተከትሎ ሄደ። በዚህ ምክንያት አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እያረጀ ሲሄድ ዋጋው የሚወርድበት ጊዜ አልፏል፤ አሮጌውን ሃይሉክሴን ከገዛሁበት ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚጠይቀኝ ደላላ በየወሩ ይደውላል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ላይ የማነሣቸው የብር አኃዞች በየወቅቱ የከፈልኳቸው ናቸውና፣ አንባቢ ዋጋቸውን ሳይሆን እርስ በርስ ያላቸውን ልዩነት እንዲያይልኝ እጠይቃለሁ።

የአሮጌው ሞተር ጠባይ በአጭሩ ሲነገር ትዕግሥት ነው። 5ኤል አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቱርቦ የለውም፤ በእኔ መኪና ላይ ያለው 5ኤል ኮምፒውተርም የለውም። ናፍጣውን የሚረጨው ፖምፓ በሞተሩ ጉልበት የሚዞር መካኒካል ፖምፓ ነው፤ ኖዝሎቹ የሚከፈቱትም በ150 ባር አካባቢ ግፊት ስለሆነ፣ ትንሽ ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ቢገባ ሞተሩ ይነጫነጫል እንጂ ወዲያው አይሞትም። ይህ ጠባዩ በእኛ መንገድ ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች ናፍጣ ከበርሜል በጀሪካን ተቀድቶ የሚሸጥበት ጊዜ አለ፣ አንዳንዴም ከሥሩ ውኃ ይገኝበታል። በአንጻሩ ጉልበቱን ደጋው ይቀማዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳውን አየር ነው። ፓምፕ ጭኜ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ጥቁር ጭስ እየለቀቅሁ፣ ከኋላዬ የመኪና ሰልፍ እያስከተልኩ ነው የምወጣው። በዚህ ዳገት ላይ ቪጎው ሦስተኛ ማርሽ ይዞ ሲያልፈኝ ሠራተኛዬ ቀድሞ ደርሶ ሻይ አዝዞ ይጠብቀኛል።

ሌላው የአሮጌው ድክመት ሙቀት ነው። የዚህ ሞተር ቤተሰብ የሆኑት 2ኤል እና 3ኤል ሙቀት ሲበዛባቸው ቴስታታቸው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በመሰንጠቅ ይታወቃሉ፤ 5ኤል የተሻለ ቢሆንም ራዲያተሩ በግማሽ የተዘጋ መኪናን ዳገት ላይ የሚነዳ ሰው ያንኑ ዕዳ ይከፍላል። በ2014 ዓ.ም. የእኔን ሞተር ያስወረድኩት በዚህ ምክንያት ነበር። በቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ውኃና ዘይት ተቀላቅሎ ነበር፤ ቴስታታው ተስተካከለ፣ ፒስተንና ፋሻ ተቀየረ፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ የሆነው ኮሎ ማሽን ተደርጎ ዘንጉ የሚዞርበት ስስ የብረት ትራስ፣ ብሮንዚናው፣ ገባለት፣ ፖምፓውና አራቱም ኖዝሎች ተፈተሹ። ለዕቃ፣ ለማሽን ሥራና ለእጅ ዋጋ በድምሩ 96,000 ብር ከፈልኩ። ከአሮጌው የ251,000 ብር ወጪ ውስጥ ትልቁ ይህ ሲሆን፣ ቀሪው 155,000 ብር በ21 ትንንሽ ጥገናዎች ያለቀ ነው፦ የፊት ኩሽኔታ፣ ቴስቲና፣ ክሮቼራ፣ የሞተሪኖ ካርቦን፣ ዲናሞ፣ የኋላ ፍሬን ሸራ፣ ራዲያተር፣ ፍሪሲዮን፣ የተሰበረ ባልስትራ ሁለት ጊዜ። ደብተሩን ሳገላብጠው ከእነዚህ ጥገናዎች አብዛኞቹ ጠዋት ተጀምረው ከሰዓት በኋላ ያለቁ ናቸው። አጣዬ ላይ ሞተሪኖው እምቢ ባለኝ ቀን ያሠራሁት አንድ ወጣት፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ጆንያ አንጥፎ ፈትቶ፣ ከሌላ መኪና የተረፈ ካርቦን በፋይል ሞርዶ አስገብቶልኝ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ መንገዴን ቀጠልኩ። አሮጌ መኪና ረከሰ የሚባለው ዕቃው ስለረከሰ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚያውቀው ሰው በየከተማው ስላለ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ ግን አሮጌው ሌላ ጉዳይ አለው። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የቃጠሎውን ክፍል የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች ከአራቱ አንዱ እንኳ ከሞተ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ ሲያስነሡት በሦስት እግሩ እንደሚሄድ በሬ ይንገዳገዳል፣ ነጭ ጭሱም ግቢውን ይሞላዋል። የካንዴሌታ ዋጋ ትንሽ ነው። ነገር ግን መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ምልክት ማየት የሚችለው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያገኘው ብቻ ነውና፣ ሻጭ «አሞቄ ጠበቅሁህ» ካለ ገዢው ተመልሶ በማግስቱ ጠዋት መምጣት አለበት።

ወደ ቪጎው ልለፍ። ሰባተኛው ትውልድ ሃይሉክስ በ2004 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ታይላንድ ውስጥ ቪጎ በሚል ስም ወጣ፤ ምርቱ እስከ 2015 ቀጥሏል። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚታዩት ባለ 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ እና ባለ 3.0 ሊትሩ 1ኬዲ ሞተሮች ናቸው፤ ሁለቱም ናፍጣን ከ1,000 ባር እጅግ በላይ በሆነ ግፊት በኮምፒውተር በሚታዘዙ ኢንጀክተሮች ይረጫሉ፤ ሁለቱም ቫልቮላቸው በታይሚንግ ቤልት፣ ማለትም ከሞተሩ ፊት ባለ የላስቲክ ቀበቶ፣ የሚሠራ ነው። ለመንዳት ስንመዝነው ከአሮጌው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጉልበቱ ዳገት ላይ አይከዳም፣ ወንበሩ ወገብ አይሰብርም፣ ድምፁም ከጎን የተቀመጠን ሰው ለማናገር መጮኽ አያስፈልገውም። በነዳጅም ቢሆን የእኔ ቪጎ በተመሳሳይ ጭነትና መንገድ በሊትር አንድ ኪሎሜትር ያህል ከአሮጌው የተሻለ ይሄዳል።

ከ448,000 ብሩ ውስጥ 319,000 ብሩ የወጣው በአንድ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን በዝርዝር ልንገር። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሁለት ፓምፕና ቧንቧ ጭኜ ከሸዋ ሮቢት ወጥቼ ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ከፊቴ ያለ ከባድ መኪና እስኪያልፍ ቆሜ ሳለ፣ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ፣ ክሩስኮቱ ላይ፣ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ነዳጅ ስሰጠው መብራቱ አልተመለሰም፤ ሞተሩ ግን ሰነፍ ሆኗል፣ ቱርቦውም እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። በማግስቱ አዲስ አበባ ወስጄ ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁት። በኮምፒውተር አነበቡት፣ ምንም ስህተት አላሳየም፣ ፉጨቱን ሰምተው ቱርቦው አልቋል አሉኝ። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ቱርቦ ከነእጅ ዋጋው በ65,000 ብር ተገጠመ፤ መኪናው 9 ቀን ቆመ። ከዚያ 1,100 ኪሎሜትር ሳልሄድ ያ ቀይ መብራት ያንኑ ቦታ ላይ ተመልሶ በራ።

ሁለተኛ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ አልሄድኩም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከጦር ሠራዊት መኪና ጥገና በጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፤ ወደ እሳቸው ወሰድኩት። ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መሙያውን ክዳን ፈቱና ከውስጥ በኩል በጣታቸው ጠረጉት። ጣታቸው ላይ የቀረው ነገር ዘይት አይመስልም፤ እንደ ሬንጅ የተጋገረ ጥቁር ነገር ነበር። «ልጄ፣ ይህ ሞተር በዘይት ተከቦ ዘይት ተጠምቷል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዘይቱን እኮ ከቀየርኩ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር አልሞላውም» ብላቸው፣ «የቀየርከው ዘይቱን ነው፤ ጥቀርሻውን የሚያመጣውን መቼ ቀየርክ?» ብለው ኮፓውን፣ ማለትም የታችኛውን የዘይት ቋት፣ ማስፈታት ጀመሩ። ኮፓው ሲወርድ ዘይቱን የሚስበው ፓይፕ አፍ ላይ ያለችው የሽቦ ወንፊት ታየች። ከሦስት አራተኛ በላይዋ ጀበና ሥር ደርቆ እንደቀረ የቡና አተላ ባለ ጥቁር ቅርፊት ተሸፍኗል፤ በጣት ሲነኩት እየተፈረፈረ ይወድቃል። ብሮንዚናዎቹ ሲፈቱ ሁለቱ ተፍቀው መዳባቸው ወጥቶ ነበር። ቱርቦው ከመጀመሪያውም ያፏጨው ዘይት ስላልደረሰው ነው፤ የተከሰሰው ተጎጂው ነበር ማለት ነው።

የነገሩ መነሻ በእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሥር የምትቀመጥ አንዲት የመዳብ ቀለበት ናት። ይህች ቀለበት ስታረጅ የሲሊንደሩ የቃጠሎ ጋዝ በጎኗ እየሾለከ ወደ ቫልቮላው ክዳን ውስጥ ይወጣል፤ ጥቀርሻው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ወደ ታች ወርዶ ወንፊቷን ይደፍናል፣ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ብሮንዚናው ይበላል። ኮምፒውተሩ ይህን አያይም፤ ሴንሰር የሚለካው ነገር አልተበላሸማ። የ1ኬዲ እና የ2ኬዲ ሞተሮች ይህ ድክመት በብዙ አገር ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ለሁለተኛው ጥገና አራት አዲስ ኢንጀክተር በ116,000 ብር፣ ለብሮንዚና፣ ለዘይት ፓምፕ፣ ለጓርኒሲዮን፣ ለማሽን ሥራና ለእጅ ዋጋ 138,000 ብር ወጣ፤ መኪናው 28 ቀን ቆመ። አራቱን ቀለበቶች ገና መኪናውን ስገዛ ባስቀይራቸው ኖሮ፣ በወቅቱ ዋጋ ከነእጁ 5,000 ብር የማይሞላ ሥራ ነበር። ያንን ታሪክ ከደብተሩ አውጥቼ ባሰላው የቪጎው ወጪ በኪሎሜትር ወደ 1 ብር ከ47 ሳንቲም ይወርዳል፤ ከአሮጌው ከግማሽ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቪጎ ለጥገና ውድ ነው የሚለውን አነጋገር እንዳለ አልቀበለውም። ውድ የሚሆነው ይህ ነገር ሳይታወቅለት የቆየ ቪጎ ነው፤ ከሚሸጡት ውስጥ ደግሞ ብዙው እንደዚያ ያለ መሆኑን እገምታለሁ።

አሁን ወደ ቆጣሪው ልመለስ። ቪጎውን ስገዛ 268,000 ኪሎሜትር ይል ነበር፤ ደላላው «የድርጅት መኪና ነው፣ ሰርቪሱ በሰዓቱ የተሠራ» ብሎ ማለልኝ። በዚያው ዓመት ታይሚንግ ቤልቱን ለማስቀየር ክዳኑ ሲፈታ፣ ከውስጥ በኩል በነጭ ማርከር የተጻፈ ቀንና ቁጥር አገኘን፤ ቁጥሩ 301,420 ይላል። ቤልቱን ያስገባው የቀድሞ መካኒክ ለራሱ ማስታወሻ የጻፈው ነው፤ ቀኑም እኔ መኪናውን ከመግዛቴ ከአንድ ዓመት በላይ ይቀድማል። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ ማየት ትቼ ሌላ ነገር አያለሁ፦ የፍሪሲዮንና የፍሬን መርገጫ ጎማ፣ የማርሽ እጀታው ላይ የተጻፈው ቁጥር መጥፋት አለመጥፋቱን፣ የሾፌሩ የደህንነት ቀበቶ ጠርዝ መሳሳቱን፣ የመሪው ቆዳ ማብረቅረቁን። በ200,000 ኪሎሜትር መኪና ላይ አዲስ የመርገጫ ጎማ ካየሁ ለምን እንደተቀየረ እጠይቃለሁ። ታይሚንግ ቤልቱ የተቀየረበትን ኪሎሜትር የማያውቅ ገዢ፣ እንደየገበያው በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎሜትር መቀየር ያለበትን ይህን ቀበቶ በመጀመሪያው ሳምንት ማስቀየር አለበት፤ በእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ቤልቱ ሲበጠስ ቫልቮላ ከፒስተን ይጋጫል። ክሩስኮቱ ላይ የሚበራው የቤልት ማስጠንቀቂያ መብራትም በአዝራር የሚጠፋ ነውና አለመብራቱ ማስረጃ አይሆንም። እኔ ለቤልቱና ለተያያዦቹ ዕቃዎች 14,000 ብር ነበር የከፈልኩት።

ከሞተር ቀጥሎ የሚታየው መኪናውን የሚሸከመው አጽም ብረት፣ ሻንሲው ነው። በሁለቱም ትውልዶች የኋላው በባልስትራ፣ ማለትም በተደራረበ የብረት ቅጠል፣ የሚሸከም ስለሆነ፣ ብዙ ባለቤት ሁለት ሦስት ቅጠል አስጨምሮ ከተፈቀደው እጥፍ ይጭንበታል። ባልስትራው ይችለዋል፤ የማይችለው ሻንሲው ነው። ደብል ጋቢና ላይ ጭነቱ በብዛት ከኋላ ጎማ በስተኋላ ስለሚያርፍ፣ ከጋቢናውና ከጭነት ሳጥኑ መካከል ያለው ቦታ ላይ ሻንሲው ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ከመኪናው ጎን አምስት ስድስት እርምጃ ርቆ መቆምና በጋቢናውና በሳጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ይበቃል፤ ከላይ ጠቦ ከታች የሰፋ ወይም ተቃራኒው ከሆነ፣ ከሥር ገብቶ ብየዳ መፈለግ ነው። አንድ ጊዜ ከወንድሜ ጋር ልንገዛው የሄድንበት ፒካፕ ላይ ሻንሲው ከውስጥ በኩል በላሜራ ተለብዶ፣ ላዩ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ አገኘነው። ሻጩ «ማጠናከሪያ ነው» አለን። ተመልሰን መጣን።

በፊት እግር በኩል ሁለቱ ይለያያሉ። የቪጎው መሪ ራክ በሚባል ጥርሳም ዘንግ የሚሠራ ነው፤ ራኩ ሲያረጅ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ዘይትም ያፈሳል፤ እኔን 57,000 ብር አስወጥቶኛል። የአሮጌው ግን የመሪ ሳጥን ያለው በመሆኑ ሲላላ ጠበቅ አድርገው ዓመታት ያስኬዱታል፤ ቀጥ ብሎ የማይሄድ፣ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ግራ ወደ ቀኝ መያዝ የሚፈልግ መሪ መሆኑን ግን አልክድም። ፍሪሲዮኑም እንዲሁ ነው፤ የቪጎው ከፍላይዊሉ ጋር 58,000 ብር ሲያስወጣኝ፣ የአሮጌው የዚያን ሲሶ አልደረሰም።

ስለ መለዋወጫ ገበያው ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የማይገኝ የሃይሉክስ ዕቃ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ችግሩ አንዱ ዕቃ በአራትና በአምስት ዋጋ መገኘቱ ነው። ኦርጅናል የተባለው፣ የታይላንድ ነው የተባለው፣ ኮፒው፣ ከሌላ መኪና የወረደው ሁሉ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ የካርቶኑ ጽሑፍም አያስተማምንም። በእኔ ልምድ አንዳንዱ ዕቃ ላይ ኮፒ መግዛት ጉዳት የለውም፤ የበር እጀታ፣ መብራት፣ የኋላ ፍሬን ሸራ፣ የፓራፋንጎ ላስቲክ በዚህ ይመደባሉ። በኩሽኔታ፣ በታይሚንግ ቤልት፣ በጓርኒሲዮንና በናፍጣ ፊልትሮ ግን አልደራደርም። በርካሽ የገዛሁት የፊት ኩሽኔታ 6,000 ኪሎሜትር ሳይሞላው ማጉረምረም ጀምሮ፣ በሁለተኛው የእጅ ዋጋ ምክንያት ከኦርጅናሉ በልጦ ተገኝቷል። ለቪጎ ኢንጀክተር የሚገዛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ፦ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የራሱ መለያ ኮድ አለው፣ ኮዱም ወደ መኪናው ኮምፒውተር መግባት አለበት። ያንን የሚያደርግ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ ኢንጀክተር ቢቀይር ሞተሩ ይነሣል፤ ግን ያንኳኳል፣ ይጨሳል፣ ባለቤቱም ዕቃው የተበላሸ መስሎት ይመልሰዋል። ምንዛሪው ከተለወጠ በኋላ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ኢንጀክተር ዋጋ ስጠይቅ 70,000 ብር ተባልኩ፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን በ29,000 ብር ነበር የገዛሁት። የአሮጌው መካኒካል ኖዝል ጫፍ በዚያው ቀን ከዚህ ዋጋ አሥር በመቶ አልደረሰም።

ሌሎቹን ፒካፖች በባለቤትነት ስለማላውቃቸው በጥቂቱ አልፋለሁ። የአይሱዙ ዲ-ማክስ ባለ 3.0 ሊትር 4ጄጄ1 ሞተር በሰንሰለት የሚሠራ በመሆኑ የቤልት ስጋት የለበትም፣ ጭነትም የሚችል ነው። ሚትሱቢሺ ኤል 200 ላይ ያለው 4ዲ56 በተቃራኒው ሁለት ቤልት ስላለው ሁለቱንም ማስቀየር ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ዲ40 ኒሳን ናቫራዎች ሰንሰለታቸው በመርዘም ይታወቃል፤ ጠዋት ሲነሣ ከሞተሩ ፊት የብረት መንኳኳት ከተሰማ ለዋጋ መደራደሪያ ሳይሆን ለመሄጃ ምክንያት ነው።

ወረቀቱም የጥገናውን ያህል ያስወጣል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጡ ፒካፖች ብዙ ጊዜ ሞተራቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ስም ከመዛወሩ በፊት ቀረጡ መከፈሉ በሰነድ መታየት አለበት። ሞተሩ የተቀየረለት መኪና ከሆነ ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር አንድ መሆናቸውን በባትሪ ብርሃን፣ ቅባቱን በጨርቅ ጠርጎ ማየት ነው። የአሮጌው ቁጥር ከፖምፓው በታች በቆሻሻ ተሸፍኖ ስለሚገኝ ብዙ ገዢ ሳያየው ይፈርማል፣ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ቀን ግን መርማሪው ያየዋል።

ለእኔ ሥራ ሁለቱም ይቆያሉ። ከከተማ ርቆ፣ ናፍጣው በማይታመንበትና ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ በሌለበት ለሚሠራ ሰው ራዲያተሩ የታጠበ፣ ሻንሲው ያልተበየደ 5ኤል ወይም 3ኤል ሃይሉክስ እንዲገዛ እመክራለሁ፤ በየሁለት ወሩ የሚለምነውን እየከፈለ፣ ዳገቱንም በትዕግሥት እየወጣ። አዲስ አበባ የሚኖርና ረዥም አስፋልት የሚነዳ ሰው ቪጎ ቢገዛ አይሳሳትም፤ ሆኖም ከዋጋው ላይ ለመዳብ ቀለበቶቹ፣ ለታይሚንግ ቤልቱና ኮፓውን አስወርዶ ወንፊቷን ለማየት የሚበቃ ገንዘብ አስቀድሞ ለይቶ ያስቀምጥ። ገዢው የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ ሻጩ ካልወደደ ደግሞ ግዢው እዚያው ላይ ይቁም። የእኔ ቪጎ ቀለበቶች በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው የተቀየሩት፤ ከዚያ ወዲህ 60,000 ኪሎሜትር ገደማ ሄደዋል። ባለፈው ሳምንት ክዳኑን ፈትቼ በጣቴ ጠረግሁት፤ ጥቁር ቢሆንም ፈሳሽ ዘይት ነው፣ ቅርፊት የለውም። ደብተሩ ላይ በቀኝ ገጽ ለሚቀጥለው ዓመት መስከረም «ቀለበት» ብዬ ጽፌያለሁ።